ያልተሰረዘው ገጽ

ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣቶች ኅብረታችን አዲስ አስተባባሪ ኮሚቴ ሊመርጥ በተሰበሰበበት ቀን አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ መንፈስ ቅዱስ ባለበት ደንብ ምን ያደርጋል? ጸልየን ዝም ብለን አንመርጥም?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። «እንጸልያለን፣ ደንቡንም እንከተላለን» ብዬ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፍኩ። ልጁ በመልሴ እንዳልረካ ፊቱ ላይ አይቻለሁ። እኔም አልረካሁም። ጥያቄው ቀልድ አልነበረም፤ ደንብ የእምነት ማነስ ምልክት የሚመስላቸው ብዙ ቅን ወጣቶች አሉና። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ያን ዕለት ልሰጠው የሚገባኝን መልስ ዘግይቼም ቢሆን ለመስጠት ነው። መልሱ ግን የሚጀምረው ሩቅ ቦታ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ የኦክስፎርድ ዩኒየን የሚባል የተማሪዎች የክርክር ማኅበር አለ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1823 ነው። የዩኒቨርሲቲው ክፍል አይደለም፤ የራሱ ሕንፃ፣ የራሱ ቤተ መጻሕፍት፣ የራሱ መተዳደሪያ ደንብ ያለውና በተማሪዎች የሚመራ ማኅበር ነው። ፕሬዚዳንቱ፣ ላይብረሪያኑ፣ ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው የሚመረጡት ለአንድ ተርም ብቻ ነው። በዓመት ሦስት ተርም ስላለ በዓመት ሦስት ፕሬዚዳንት ይፈራረቃል ማለት ነው። (ላይብረሪያን ሲባል መጽሐፍ የሚያውስ ሠራተኛ እንዳይመስላችሁ፤ ከማኅበሩ ዋና ሹማምንት አንዱ ነው።) ክርክሩ የሚካሄደው በፓርላማቸው ወግ ነው። አንድ የውሳኔ ሐሳብ ይቀርባል፣ ደጋፊና ተቃዋሚ ተራ በተራ ይናገራሉ፣ በመጨረሻም አባላቱ ሲወጡ የደገፈ በአንዱ በር፣ የተቃወመ በሌላው በር ያልፋል። ማን በየት እንደወጣ ተቆጥሮ በመዝገብ ይጻፋል። በኋላ አራት ጊዜ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ግላድስተን እ.ኤ.አ. በ1830 የዚህ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር።

ተማሪዎች ስለ አገር ጉዳይ ተሰብስበው ድምፅ መስጠታቸው ለሹማምንት ሁልጊዜ የሚጥም ነገር አይደለም። በካምብሪጅ ያለው ተመሳሳይ ማኅበር ገና በተመሠረተ በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1817፣ በዩኒቨርሲቲው ባለሥልጣናት ተዘግቶ ነበር። የሥርዓት አስከባሪዎቹ ትእዛዙን ይዘው የመጡት ክርክር እየተካሄደ ሳለ ነው። የዚያን ቀን ሰብሳቢ የነበረው ዊልያም ሂዌል የሚባል ወጣት አልጮኸም፤ አልተሳደበምም። አባል ያልሆኑ ሰዎች ከአዳራሹ እንዲወጡና ጉባኤው መልእክቱን ተመልክቶ እንዲወያይበት ጠየቀ ይባላል። ሊዘጋቸው የመጣውን ኃይል ማቆም አልቻሉም፤ ማኅበሩም ተዘጋ፤ እ.ኤ.አ. በ1821 ሲከፈትም የቅርብ ጊዜ ፖለቲካ እንዳይነካ ተገድቦ ነው። ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። ልጁ ኃይል አልነበረውም። የነበረው ደንብ ብቻ ነው፤ እሱንም ይዞ ቆመ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቀኑ እ.ኤ.አ. የካቲት 9 ቀን 1933 ነው። ሂትለር የጀርመን መራሔ መንግሥት ከሆነ ገና ዐሥር ቀኑ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካበቃ ደግሞ 15 ዓመት ያህል ሆኖታል፤ በኦክስፎርድ አዳራሽ የተቀመጡት ወጣቶች አባቶቻቸውና ታላላቅ ወንድሞቻቸው ያለቁበት ጦርነት ነው። የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ «ይህ ጉባኤ በምንም ዓይነት ሁኔታ ለንጉሡና ለአገሩ አይዋጋም» የሚል ነበር። ክርክሩ ተካሄደ፣ በሮቹ ተከፈቱ፣ ድምፅ ተቆጠረ። 275 ደገፉ፣ 153 ተቃወሙ። ውሳኔው አለፈ፤ ጸሐፊው በመዝገቡ ጻፈው።

አገር ተናወጠ። ጋዜጦች ወረዱባቸው። ዊንስተን ቸርችል በአደባባይ አወገዛቸው። አንድ ሰው በሣጥን ሙሉ ነጭ ላባ ላከላቸው፤ በእንግሊዞች ዘንድ ነጭ ላባ ለወንድ መላክ «ፈሪ ነህ» ማለት ነው። በሣጥኑ ውስጥ የነበረው ላባ 275 ነበር፤ ለእያንዳንዱ የደጋፊ ድምፅ አንድ መሆኑ ነው።

ሦስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ የቸርችል ልጅ ራንዶልፍ ቸርችል ወደ ማኅበሩ መጥቶ አንድ ሌላ ሐሳብ አቀረበ። ያ ውሳኔ ከማኅበሩ መዝገብ ይሰረዝ አለ። ልብ በሉ፤ ውሳኔው ይቀየር አላለም፣ በአዲስ ውሳኔ ይሻር አላለም። እንዳልነበረ ይሁን ነው ያለው። በዚያ ምሽት የመጣው ሰው ከመጀመሪያው ክርክር እጅግ ይበልጣል። አዳራሹ ተንጫጫ፣ የሚሸት ነገር ተወረወረ፤ ተናጋሪውም ሲመለስ በአጃቢና በፖሊስ ተከብቦ ነው የሄደው። ይህን ምግባር ማንም አያመሰግነውም። የድምፁ ውጤት ግን ይህ ነበር፦ ይሰረዝ ያሉ 138፣ አይሰረዝ ያሉ 750።

እዚህ ቁጥር ላይ ቆም ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። የመጀመሪያውን ውሳኔ የደገፉት 275 ብቻ ነበሩ። ሁሉም እንኳ ተመልሰው መጥተው ቢሆን፣ ቢያንስ 475 ሰዎች ያን ውሳኔ ሳይደግፉት «አይሰረዝ» ብለዋል ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ መጀመሪያ ላይ ያልተገኙ፣ ቢገኙ ኖሮ የሚደግፉት እንደሚኖሩ አልክድም። ከውጭ የመጣ ቁጣ ያስቆጣቸውም ይኖራሉ፤ ወጣት ሲገሥጹት እልህ ይይዘዋል። ነገር ግን «እኔ በዚህ ውሳኔ አልስማማም፤ እንደተወሰነ ግን አልክድም» ያለ ሰው በዚያ በር አልወጣም ብዬ ማመን አልችልም።

እኔ በበኩሌ በመጀመሪያው ምሽት ብኖር ከ153ቱ ጋር የምወጣ ይመስለኛል። በዓለም ላይ ዝም ተብሎ የማይታለፍ ክፋት አለ፤ ያ ክፋትም በዚያው ሰሞን ሥልጣን ላይ ወጥቶ ነበር። በሁለተኛው ምሽት ግን ከ750ዎቹ ጋር እወጣ ነበር። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ ትሉኝ ይሆናል።

ድምፅ የሚሰጠው ሊደረግ ባለው ነገር ላይ ነው። ብዙኃን ነገ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚመራ፣ ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል የመወሰን መብት አላቸው። የትናንቱ ውሳኔ ስሕተት መስሎ ከታያቸው ዛሬ ተቃራኒውን መወሰን ይችላሉ፤ የኦክስፎርድም ደንብ ይህን አልከለከለም። ነገር ግን ማክሰኞ ዝናብ ዘንቦ ከሆነ፣ ሐሙስ ዕለት ተሰብስበን በ138ም ይሁን በ750 ድምፅ «አልዘነበም» ብንል መሬቱ አይደርቅም። ቃለ ጉባኤ ምስክር ነው፤ አስተያየት አይደለም። ጸሐፊው የሚጽፈው የሚወደውን ሳይሆን ያየውንና የሰማውን ነው። እናቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጣፍ ያለ ይወረሳል የሚሉት በከንቱ አይደለም። የሚወርሰው ሰው ገና አልተወለደም፤ ስለዚህ በስብሰባው ላይ ተገኝቶ «ድርሻዬን አትሰርዙብኝ» ብሎ መከራከር አይችልም።

ከስድስት ዓመት በኋላ ጦርነቱ መጣ፤ የዚያ ትውልድ የኦክስፎርድ ተማሪዎችም ዘመቱ። የዚያ ምሽት ውሳኔ ሂትለርን አደፋፍሮታል የሚሉ ነበሩ፤ አላደፋፈረውም የሚሉም አሉ፤ ክርክሩን ለታሪክ ሰዎች እተወዋለሁ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ገጹ ስላልተሰረዘ እነዚያ ሰዎች «እንዲህ ብለን ነበር፣ ኋላ ግን ሐሳባችንን ቀየርን» ማለት ቻሉ። ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ ሐሳባቸውን መቀየራቸውም አብሮ ይጠፋ ነበር። ንስሐ ስለ ምን እንደሆነ ካልታወቀ ንስሐ መሆኑ በምን ይታወቃል?

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ የወጣቶች ጥናት ላይ ሳነሣው ሁልጊዜ የሚመጣ ነው። «ይቅርታ መርሳት አይደለም ወይ? ፍቅር የሌላውን በደል ይሸፍናል አይደል? ታዲያ መዝገብ ይዞ መቀመጥ የክርስቲያን ነው?» ይሉኛል። ጥያቄው ልክ ነው። የአንዲት እኅት የግል ውድቀት በኮሚቴ ደብተር ላይ ተጽፎ በየዓመቱ ለሚለዋወጥ ጸሐፊ ሁሉ ሲተላለፍ አይቻለሁ፤ ያ ገጽ መጀመሪያውኑ መጻፍ አልነበረበትም፤ ቢቃጠልም አላዝንም። እንግዲህ ልዩነቱ የት ላይ ነው? የኖኅን ሁለት ልጆች አስቡ፤ ፊታቸውን አዙረው የኋሊት ሄደው የአባታቸውን ዕራቁትነት ሸፈኑ። ዳዊት ደግሞ በኦርዮ ላይ ያደረገውን ለመሸፈን ደብዳቤ ጻፈ፣ ሰው አስጨረሰ! ሁለቱም መሸፈን ነው። የመጀመሪያዎቹ የሸፈኑት የሌላውን ኀፍረት ነው፤ ሁለተኛው የራሱን ነው። በይሁዳ ንጉሥ በኢዮአቄም ፊት የኤርምያስ ጥቅልል ሲነበብም ንጉሡ በካራ እየቀደደ ወደ እሳት የጣለው ድሀ እንዳይዋረድ አዝኖ አልነበረም። ገጽ ሊቀደድ ሲል መጠየቅ ያለበት «ማን ከኀፍረት ይድናል?» የሚለው ነው። የሚድነው ቀዳጁ ራሱ ከሆነ፣ ፍቅር የሚለውን ቃል አውጥተን እንነጋገር።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት መጽሐፍ አንብቤ አይደለም።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በምማርበት ዩኒቨርሲቲ የአንድ የክርክር ክበብ ጸሐፊ ነበርኩ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በአንድ ባዶ መማሪያ ክፍል እንሰበሰብ ነበር። ጸሐፊ ያደረጉኝ የእጅ ጽሑፌ አምሮ አይደለም። «ጴንጤው ይያዘው፣ እሱ አይዋሽም» ብለው ነው። ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ በክር የተሰፋ መዝገብ ነበር የያዝኩት። ከወንበዴ የማድን ይመስል ማታ ማታ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ሥር አስቀምጠው ነበር።

አንድ ሐሙስ አንዲት ተማሪ አንድ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበች። የተማሪዎች መማክርት መሪዎች በተማሪው ሁሉ ቀጥተኛና ምስጢራዊ ድምፅ ይመረጡ የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ አሠራሩ እንደዚያ አልነበረም፤ እንዴት እንደሚመረጡ የሚያውቅ ሰው ማግኘትም ቀላል አልነበረም። ጥሩ ክርክር ሆነ። ድምፅ ተሰጠ፣ ሐሳቡ አለፈ፣ እኔም ጻፍኩ። ቅዳሜ ሰብሳቢያችን ወደ ዶርሜ መጣ። ከአንድ ቢሮ ጠርተው አነጋግረውታል። «ወንድሜ፣ አንድ ገጽ ነው። ክበቡ ይዘጋብናል» አለኝ። የሚያስፈራራ ድምፅ አልነበረውም፤ ይልቅ ደክሞት ነበር። ክፉ ልጅ አልነበረም።

ገጹን ቀደድኩት። በክር የተሰፋ መዝገብ ቀድዳችሁ የምታውቁ ከሆነ የሚሆነውን ታውቃላችሁ፤ አንዱን ቅጠል ስታወጡ ከስፌቱ ማዶ ያለው ተጓዳኙ ይላላል፤ ትንሽ ቆይቶም ይወድቃል። ስለዚህ ምንም ያልተበደለውን የሌላ ቀን ስብሰባ ገጽ አውጥቼ እሱንም እንደገና መገልበጥ ነበረብኝ። ሌሊቱን ስገለብጥ አደርኩ። የሐሙሱን ስብሰባ በተመለከተ «ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ ጉባኤው ያለ ውሳኔ ተበትኗል» ብዬ ጻፍኩ። አንዱም ቃል ስድብ የለበትም። ሰዋስዉም ልክ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ ቃለ ጉባኤውን አነበብኩ። ሐሳቡን ያቀረበችው ልጅ ተነሣች። «አንተ ነህ የጻፍከው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «እሺ» ብላ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ወደ ክበቡ አልመጣችም። ሌሎቹም ዝም አሉ፤ አብዛኞቹ ድምፅ የሰጡ ሰዎች ነበሩ፣ የሆነውን በዓይናቸው አይተዋል። ግን የተጻፈው ተነበበ፣ ጸደቀ። እንደዚያ ቀን የእጅ መውጣት አስፈርቶኝ አያውቅም።

ይህን የምነግራችሁ ለማሳመር አይደለምና እውነቱን ልጨርሰው፤ ክበቡ አልተዘጋም። እኔ እስክመረቅ ድረስ ነበር። ሰብሳቢው ያለው ደረሰ። ውሸቱ «ሠራ»። የሚያስቸግረኝም ይኸው ነው። ክበቡ ቢዘጋ ኖሮ ትምህርቱ ቀላል ይሆን ነበር። የተረፈው ግን ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስቦ የተወሰነውን እንዳልተወሰነ የሚያጸድቅ ክበብ ነው። ለምን እንደተረፈ ራሴን ስጠይቅ ጥሩ መልስ አላገኘሁም። ለክበቡ ብዬ ነው ያደረግሁት ብዬ ለብዙ ዓመት አምኜ ነበር። አሁን ሳስበው የሸፈንኩት የራሴን ፍርሃት ነው።

በአገራችንም የተማሪ ማኅበር ምርጫ ሕይወት የሚያስከፍል ነገር ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ምሽት በጥይት ተገደለ፤ በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው በግቢው በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይም ተተኰሰ። ይህን ብዙዎቻችሁ በታሪክ ትምህርት ሰምታችኋል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ጥላሁን ከዚያ በፊት በነበረው ምርጫ ተወዳድሮ ለዘብተኛ ይባል በነበረ ተወዳዳሪ ተሸንፎ እንደነበር ነው። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተወዳደረ፤ አሸነፈ። ፖለቲካውን ለመፍረድ አልገባም። በዚያ የጋለ ዘመን፣ አገር ሊገለባበጥ በደረሰበት ሰዓት፣ የተሸነፈው ወገን ዓመት ጠብቆ በዚያው የድምፅ ሣጥን ሲመለስ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት ወንድም ወንድሙን በመንገድ ላይ ሲገድል ከጠፉት ነገሮች አንዱ ይህ ትዕግሥት አይመስላችሁም?

ደንብ ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። የኦክስፎርዱ ማኅበር ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። እስከዚያ 140 ዓመት ስለ ነፃነት ሲከራከሩ ግማሹ የሰው ዘር በአባልነት አልተቆጠረም ነበር። እነዚያ 275ም ሆኑ 153 ሁሉም ወንዶች ናቸው። በኋላ በፓኪስታን ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነችው ቤናዚር ቡቶ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ በሩ በተከፈተ በ14 ዓመቱ። መጥፎ ደንብ አለ፣ መቀየርም አለበት። ያም የአባልነት ደንብ የተቀየረው በድምፅ ነው፤ የትኛው ዓመት ምን ይል እንደነበርም ዛሬ ድረስ ይነበባል፣ ያሳፍራልም። ይህ ማፈር ጤና ነው።

እንግዲህ ወደ ልጁ ጥያቄ። መንፈስ ቅዱስ ባለበት ደንብ ምን ያደርጋል? ደንብ የሚጻፈው ማን እንደሚያሸንፍ ገና በማይታወቅበት ሰዓት ነው። ለዚያ ነው በአንጻሩ ንጹሕ የሚሆነው። ምልዓተ ጉባኤው ስንት ይሁን ብለን ስንነጋገር ማናችንም በየትኛው ወገን እንደምንቆም አናውቅም። ድምፅ ከተቆጠረ በኋላ ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ ያኔ «እንዲህ የመራኝ መንፈስ ነው» ማለት በጣም ይቀላል፣ በተለይ ለተሸነፈ ሰው። እኔ በዚያች ሌሊት ስገለብጥ ጸልዬ ነበር፤ ይህን ስናገር አፍራለሁ። ሰላም የተሰማኝም መስሎኝ ነበር። ጸሎቴ ከእኔ ፍርሃት አላዳነኝም፤ ሊያድነኝ ይችል የነበረው «የጸደቀ ቃለ ጉባኤ በማንም አይለወጥም» የሚል አንድ መስመር ደንብና እሱን ይዞ የሚቆም አንድ ሰው ነበር። መስመሩ ነበረን። ገጽ ሁለት ላይ፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ።

አሁን በኅብረታችን ቃለ ጉባኤ ሁለት ሰዎች ይይዛሉ፤ በሚቀጥለው ስብሰባም ከመጽደቁ በፊት ሐሳብ ያቀረበ ሰው ስለ ሐሳቡ የተጻፈውን ራሱ ያነባል። አሰልቺ ነው ይሉኛል። ሰዓት እንደሚወስድም አውቃለሁ።

ያን ጥቁር መዝገብ ስመረቅ ለተተካው ጸሐፊ አስረክቤያለሁ፤ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ያቺን ልጅም ከዚያ ወዲህ አላገኘኋትም። የጻፍኩት ሐሰት በሕጋዊ መንገድ ጸድቋልና እንግዲህ እዚያ ሄጄ የማርመው ነገር የለም። የቀደድኩት ገጽ ላይ የነበረው ይህ ነው፦ የውሳኔ ሐሳቡ ቀርቦ ክርክር ተደርጎበታል። የደገፉ 31፣ የተቃወሙ 19፣ ድምፀ ተአቅቦ 4። ሐሳቡ አልፏል።